ሠላሳ ስምንት ዓመት የፈጀው ምርመራ

አባይነህ ዴንቨር አየር ማረፊያ ዊልቸር ይገፋል። እንጀራው እሱ ይሁን እንጂ ራሱን የሚቆጥረው እንደ መርማሪ ነው። የተሳፋሪውን ጫማ ገርመም ያደርግና «እኚህ ዳኛ ናቸው» ይላል። ባለፈው ዳኛ ያላቸው ሰውዬ ጡረታ የወጡ የሰርከስ ቀልደኛ ሆነው ተገኙ። እሱ ግን መቼ ተስፋ ይቆርጣል!

ይሄ አመል የተጣባው በአንድ መጽሐፍ ጦስ ነው። ኮልፌ ተማሪ ሳሉ፣ ከጓደኛው ከሸምሱ ጋር ወደ አማርኛ የተተረጎመ የእንግሊዝ የወንጀል ልብ ወለድ እየተቀባበሉ ያነቡ ነበር። መጽሐፉ ውስጥ አንድ ባላባት በመርዝ ተገድለዋል። አባይነህ ገና ግማሹ ላይ «ገዳዩ ሐኪሙ ነው!» ብሎ ለክፍሉ ሁሉ አወጀ። ሸምሱ «አትክልተኛው ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ከዚያ ሸምሱ መጽሐፉን ቤቱ ወስዶ፣ አሳድሮ ሲመልሰው የመጨረሻዎቹ አራት ገጾች የሉም።

«ድሮም የሉም» አለ ሸምሱ። መርማሪያችንም አመነው።

አገቡ፣ ወለዱ፣ አሜሪካ ገቡ፤ ክርክሩ ግን አብሯቸው መጣ። ሸምሱ ታክሲውን ይዞ አየር ማረፊያ ሲመጣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «አትክልተኛው!» ይለውና ይሄዳል። አባይነህ ቀኑን ሙሉ ሲብሰለሰል ይውላል። ምኞቱ አንድ ብቻ ነበር፤ ሸምሱን በገዛ አፉ «ተሸንፌያለሁ» ማሰኘት።

ባለፈው ቅዳሜ ልጁ ሔርሜላ የመጽሐፉን ፊልም አገኘችለት፤ ጥንት እንግሊዝ አገር የተሠራ፣ ጥቁርና ነጭ። አባይነህ ሸምሱን ኦሮራ ወዳለው ቤቱ ጠራው። ሸምሱ መጀመሪያ ራሴን አመመኝ አለ፤ ቀጥሎ መኪናዬን ሰርቪስ ላስደርግ ነው አለ። «ፈራህ አይደል?» ሲባል መጣ፤ ሶፋው ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ቁጭ አለ።

«አባዬ፣ ዶክተሩ እኮ ሶ ናይስ ነው» አለች ሔርሜላ ፊልሙ ሲጋመስ።

«ናይስ? እጁን እዪው እስቲ!»

በመጨረሻ የፊልሙ መርማሪ ተጠርጣሪዎቹን ሁሉ ሳሎን ሰበሰበና ጣቱን ቀሰረ። አትክልተኛው ላይ!

አባይነህ ኩምሽሽ አለ። እንባው መጣ፤ ምን ይደበቃል። ሸምሱ ግን ይጨፍራል ሲባል አፉን ከፍቶ ቀረ።

«እንዴ! ሐኪሙ አልነበር እንዴ? ፊልሙ ላይ ቀይረውታል!»

አባይነህ ቀስ ብሎ ዞረ። ያን ቀን ጫማ ማየት አላስፈለገውም።

«ሸምሱ፣ ሐኪሙ መሆኑን በምን አወቅክ?»

ሸምሱ የራሱን ጫማ ማየት ጀመረ።

«አንተ ሌባ! አንብበኸው ነበር!»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ልክ መሆንህን ብታውቅ አፍህን ማን ይችለዋል? እሺ በቃ፣ ተሸንፌያለሁ።»

አባይነህ ይደሰት ይናደድ ግራ ገባው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ልክ ነበር!

«ገጾቹን የት አደረስካቸው?»

«ቆሎ ጠቀለልኩባቸው።»

«ቆሎውስ?»

«አብረን በላነዋ! እንዲያውም ‹ዛሬስ አሪፍ ተቆልቷል› ብለህ ወረቀቱን ያራገፍከው አንተ ነህ።»