ከሚኒስትሩ ጀርባ ያለው አንገት

ኦታዋ ምክር ቤት ውስጥ የፍትሕ ሚኒስትሩ ለመናገር በተነሱ ቁጥር፣ አንድ ራሰ በራ እንደራሴ ካሜራ እንዲያገኘው ከጀርባቸው ይቀመጥና በአዎንታ አንገቱን ይነቀንቃል። ከማጨብጨቡ በፊት የፓርቲውን አለቃ ፊት ያያል። አንዳንዴ ድሮ የራሱ ንግግር የነበረው ይመስል ከንፈሩ ብቻውን ይንቀሳቀሳል።

ሎሬታ ከሕዝብ መቀመጫ ሆና አየችው። የመረጠችው እሱን ነው። ጉዳዩን የሚያይ ዳኛ ባለመሾሙ ልጇ ፍርድ ሳያገኝ ሁለት ዓመት ታስሯል። እንደራሴው ከስብሰባው ሲወጣ ኮሪደር ላይ ያዘችው።

«ክቡርነትዎ፣ ነገ የልጄን ነገር ይጠይቁልኛል?»

በአዎንታ ነቀነቀ።

«ወይስ እንደ አምናው ይረሱታል?»

አሁንም በአዎንታ ነቀነቀ።

«በሉ ደህና ይሁኑ! ባለፈው አንገት መርጬ ነበር፤ ለሚቀጥለው አፍ ያለው ሰው እፈልጋለሁ።»

ለዚህም ነቀነቀ።