የሽማግሌው እግር

አዳማ ላይ፣ ከማስተምርበት ክፍል ስወጣ ፖሊሶች ያዙኝ። ያስገቡኝ ድሮ የሽንኩርት መጋዘን የነበረ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ፀሐይ ስትበረታ ላባችን ከተኛንበት ካርቶን ጋር ያጣብቀን ነበር።

ከጎኔ የሚተኙት ሽማግሌ የመቂ ገበሬ ናቸው። «ልጅህን አምጣ» ተብለው ነው የታሰሩት። ሲያስገቧቸው ገፍትረዋቸው፣ የበሩ ቆርቆሮ ባታቸውን ቀዶታል።

«ምንድን ነው የምታስተምረው ልጄ?» አሉኝ።

«ባዮኬሚስትሪ ነው አባባ። የሰውነታችን ሴል ዙሪያውን በስብ የተሸፈነ ነው። ኢንዛይም የሚባል ነገር ያንን ስብ ሲለውጠው፣ የትኛው ፕሮቲን መጥቶ እንደሚጣበቅበትም ይለወጣል። የማጠናው ይህንን ነው።»

«ምን ይጠቅማል?»

«አንድ ቀን መድኃኒት ይገኝበታል።»

«ኢንሻአላህ» አሉ፣ እግራቸውን እያሻሹ።

በማግስቱ ባታቸው አብጦ ጠቁሯል። በጣቴ ስጫነው ከቆዳው ሥር የታመቀ አየር ተንኮሻኮሸ። ጋንግሪን እንደሆነ ገባኝ። ቁስሉ ውስጥ የገባው ባክቴሪያ የሚረጨው ኢንዛይም የሴሉን ስብ ይቆርጣል። በተቆረጠው ስብ ላይ ፕሮቲኖች ያለቦታቸው ይጣበቃሉ፤ የደም ሴሎች እርስ በርስ ተያይዘው የደም ሥሩን ይደፍኑታል፤ ደም ያጣ ሥጋ ይሞታል። ይህንን ሰሌዳ ላይ ስስለው ሽታ አልነበረውም።

በሩን ደበደብኩ። ጠባቂው መጣ።

«ሐኪም ጥሩልን። ዛሬ ካልታከሙ ይሞታሉ።»

«ዶክተር ነህ?»

«የሕክምና አይደለሁም።»

«እንግዲያው ዝም በል።»

ሁላችንም ደበደብን። ማንም አልመጣም።

«ተዉት» አሉ ሽማግሌው። ወደ እኔ ዞሩ። «እውነቱን ንገረኝ። ሞት ነው?»

«ሐኪም ካልመጣ፣ አዎ አባባ።»

ውዱእ ማድረግ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ለቀኑ የተሰጠችን የመጠጥ ውሃ አንዲት ጀሪካን ነበረች። ማንም አላጉረመረመም። እኔ አፈሰስኩ፣ እሳቸው ፊታቸውንና እጃቸውን ታጠቡ፤ የታመመውን እግር በእርጥብ መዳፋቸው ብቻ አበስ አደረጉት። ተቀምጠው ሰገዱ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፉ። ጠባቂዎቹ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ወሰዷቸው።

ስፈታ መቂ ሄጄ ባለቤታቸውን አገኘሁ።

«ተሰቃየ ወይ?» አሉኝ።

«ታጥበው፣ ሰግደው ነው የሄዱት» አልኳቸው። ሌላውን መናገር አልቻልኩም።

ዛሬም አስተምራለሁ። ስለዚያ ኢንዛይም ብዙ አውቃለሁ፤ እሳቸውን ለማትረፍ ግን የእኔ ምርምር አያስፈልግም ነበር። ቶሎ ቢደረስላቸው የቀዶ ሐኪም ቢላና ፔኒሲሊን ሊያተርፋቸው ይችል ነበር። ፔኒሲሊኑ ከእስር ቤቱ ማዶ፣ መንገዱን ተሻግሮ ባለው ፋርማሲ ይሸጣል።