ለአባቴ ያስተረጎምሁ ዕለት

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ተማሪዎቼን ከሚያስቸግሯቸው ነገሮች አንዱ «ፕረዘንት ፐርፌክት» የሚባለው የግሥ ጊዜ ነው፤ በተለይም አንድ ነገር ከተጀመረ ምን ያህል ጊዜ እንደ ሆነው ለመናገር ሲያገለግል። «እዚህ ከተማ መኖር ከጀመርሁ አምስት ዓመት ሆነኝ» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ ስላቸው ገሚሶቹ «አይ ሊቭ» ይላሉ፤ ገሚሶቹ «አይ ሊቭድ»። ፊተኛው የዛሬውን ብቻ ይናገራል። ኋለኛው ነገሩን ይዘጋዋል፤ ሰውዬው ኖሮ ኖሮ ከተማውን የለቀቀ ያስመስለዋል። «አይ ሃቭ ሊቭድ» ስትሉ ግን፣ እላቸዋለሁ፣ ያኔ የተጀመረው ነገር እስካሁን አልተቋረጠም ማለታችሁ ነው። ይህንኑ ስደጋግም ዓመታት አለፉ። ከክፍል ውጭ ይከብደኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አባቴ ቄስ ናቸው፤ የቅኔ መምህርም ናቸው። ቁንዝላ አቅራቢያ፣ ጣና ወለል ብሎ ከሚታይበት ጉብታ ላይ ባለች ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ጉባኤ ዘርግተው ያስተምራሉ። እኔም ያደግሁት እዚያው ነው። እናቴ ታማ ከሞተች በኋላ፣ ባሕር ዳር መጥተው ከእኔ ጋር እንዲኖሩ ለምኛቸው ነበር። «ተማሪዎቼን ለማን ጥዬ?» አሉኝ፤ ዳግመኛ አላነሣሁባቸውም።

ባለፈው ዓመት ለጥምቀት ስሄድ ግንባራቸው ላይ ቁስል አየሁ። ምን ሆነው እንደ ሆነ ብጠይቃቸው፣ «የበሩ መቃን መታኝ» አሉ። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ በዚያ በር ጎንበስ ብለው ሲገቡና ሲወጡ የኖሩ ሰው ናቸው። በማግሥቱ ውሃ ሳቀብላቸው እጃቸው ኩባያውን ስቶ ባዶ አየር ጨበጠ፤ ፈጥነው እንደገና ዘረጉትና ምንም እንዳልተፈጠረ ጠጡ። የሚያስተምሩት ሁሉ በቃላቸው ነው። ተማሪዎቻቸውም ሆኑ ጎረቤቶቻቸው ልብ ያላሉት ለዚህ ነው መሰለኝ። «ዓይንዎን ያምዎታል እንዴ፣ አባባ?» አልኋቸው። «እርጅና ነው፣ ልጄ» ብለው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ፣ ከውጭ አገር የመጡ የዓይን ሐኪሞች ባሕር ዳር ለጥቂት ቀን ያክማሉ ሲባል ሰማሁ። መኪና ተኮናትሬ አባቴን ላመጣ ሄድሁ። መጀመሪያ እምቢ አሉ። «እንግዲያው ምንም የለብዎትም ይበሉኝና እኔ ልረፍ» ብላቸው ጋቢያቸውን ደርበው ተነሡ። 

ሐኪሟ በእኔ ዕድሜ ያለች ፈረንጅ ነበረች። የሐኪሞቹን አስተርጓሚ ሕመምተኛ ከብቦት ስለ ነበር እኔው ላስተርጉም አልሁ። እሷም ደስ አላት፤ አንድ ነገር ግን አሳሰበችኝ። «‹እሳቸው እንዲህ አሉ› አትበይኝ። በእሳቸው አፍ እንደምትናገሪ ሆነሽ ‹እኔ› እያልሽ ንገሪኝ። አለዚያ ማን ምን እንዳለ ይምታታብኛል» አለች። እሺ አልኋት።

የመጀመሪያ ጥያቄዋ፣ ዓይናቸውን ከታመሙ ምን ያህል ጊዜ እንደ ሆናቸው ነበር። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ዓይነት ጥያቄ ነው። ወደ አማርኛ መለስሁላቸው።

«ሰሞኑን ነው በያት» አሉ አባቴ።

እንደ ታዘዝሁት አልኋት። ሐኪሟ መብራቱን አጥፍታ፣ አገጫቸውን መሣሪያው ላይ አስደግፋ የቀኙን፣ ከዚያ የግራውን አየች። ግራው ላይ ቆየች። ቀና ስትል ፊቷ ተለውጧል።

«የሰሞኑ አይደለም» አለችኝ። «የግራው ብርሃኑን ካጣ ቆይቷል። እባክሽ እንደገና ጠይቂያቸው።»

«አባባ፣ የሰሞኑ አይደለም ትላለች።»

አባቴ የእጅ መስቀላቸውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ውጭ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ድምፅ ይሰማል።

«በግራ ዓይኔ ካየሁ አራት ዓመት ሆነኝ» አሉ በመጨረሻ። «እናትሽ በተኛችበት ሰሞን ነው። ካልጋው አጠገብ ስቀመጥ ፊቷ አልታየኝ አለ። ዞሬ በወዲያ በኩል ተቀመጥሁ፤ ከዚያ በኩል ታየችኝ። በቃኝ።»

«ምነው ሳይነግሩን?»

«ሁላችሁም በእሷ ተጨንቃችሁ፣ እኔ ምን ብዬ? ከቀበርናት በኋላ ደግሞ ስለ አንድ ዓይን ማውራት አሳፈረኝ።»

የሚቀመጡባትን በርጩማ አንሥተው በግድግዳውና ባልጋው መካከል ወዳለው ጠባብ ቦታ ሲገቡ ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ ለጠያቂ ቦታ የለቀቁ መስሎኝ ነበር።

ሐኪሟ መልሱን ትጠብቃለች። «አይ ሃቭ ኖት ሲን» ብዬ ጀመርሁ፤ በግራ ዓይኔ ካየሁ አራት ዓመት ሆነኝ ለማለት። ዓረፍተ ነገሩ ምንም ስሕተት አልነበረበትም። ግን «እኔ» ያልሁት እኔ፣ እነዚያን አራት ዓመታት አንድ በአንድ በራሴ ዓይን ውስጥ ያሳለፍሁ ያህል ተሰማኝና ድምፄ ተቆረጠ። ሐኪሟ እስክጨርስ ታገሠችኝ። አባቴ ቋንቋውን ባይሰሙም ድምፄን ሰምተዋል፤ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። እኔ በግራቸው በኩል ነበርሁ፤ ፈልገው አገኙኝ።

ከዚያ የሐኪሟን ቃል ወደ አማርኛ የመመለስ ተራ ደረሰ። ግላኮማ የሚባል፣ በዓይን ግፊት የሚመጣ ሕመም ነው። በግራው የጠፋው ብርሃን አይመለስም። የቀኙንም ጀምሮታል፤ የምታዝላቸውን የዓይን ጠብታ በየቀኑ ሳያቋርጡ ከተጠቀሙ ግን ባለበት ሊቆይ ይችላል። አንዱንም ሳላለሳልስ ነገርኋቸው። አለሳልሼ ብናገር ያውቁብኛል።

«ይሁን» አሉ። ከዚያ፣ «የቀረው እስከ መቼ ይቆየኛል በያት» አሉ።

ሐኪሟ ይህን ማንም ቃል ሊገባላቸው እንደማይችል ተናገረች። አባቴ ራሳቸውን ነቅንቀው አመሰገኗትና በመስቀላቸው ባረኳት።

ከሕክምናው ስንወጣ ወደ ቤት ከመግባታችን በፊት ሐይቁ ዳር ትንሽ ልቀመጥ አሉኝ። አንድ ሻይ ቤት ገብተን ከውሃው አጠገብ ተቀመጥን። ሻያቸውን ሳይነኩት ብዙ ቆዩ። ስለ ዓይናቸው የሚያወሩኝ መስሎኝ ነበር።

«ቅድም ስለ እኔ ስትነግሪያት ‹ሃቭ›፣ ‹ሃቭ› ትያለሽ። ምንድን ነው እሱ?» አሉኝ።

«‹አለኝ› እንደ ማለት ነው፣ አባባ። ድሮ የተጀመረ ነገር እስካሁን ከቀጠለ፣ እነሱ ግሡን ከዚህ ከ‹አለኝ› ጋር አጣምረው ይናገሩታል። እኛ ‹አራት ዓመት ሆነኝ› የምንለውን ማለት ነው።»

ዕድሜያቸውን በሙሉ የግእዝን ግሥ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አዲስ ቅኔ እንደ ሰሙ ሁሉ ነገሩን ያላምጡት ጀመር።

«እንግዲህ እነሱ ዘመኑን እንደ ንብረት ይይዙታል» አሉ። «እኛ ዘንድ ዘመኑ ራሱ መጥቶ ሰው ላይ ይሆናል።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። «እኔና እናትሽ ከተጋባን ስንት ዘመን እንደ ሆነን ለመናገርስ በዚሁ ነው?»

ደንቡን አውቀዋለሁ። ከሁለቱ አንዱ ከሞተ ነገሩ አልቋል፤ በተዘጋው ጊዜ ነው የሚባለው። ዝም ብል ይሻለኝ ነበር፤ ግን አባቴ የቋንቋ ነገር ሲጠየቁ አድበስብሰው አልፈው አያውቁም፤ እኔም አልቻልሁም።

«በዚህ አይባልም፣ አባባ» አልኋቸው። «እሷ ስለ ሞተች ያለፈ ነው የሚባለው።»

«እኔኮ አልሞትሁም» አሉ።

አልተቆጡም። ሐይቁን እያዩ፣ ቀስ ብለው ነው የተናገሩት። «ቃል ኪዳኑን የገባሁት እኔም ነኝ። የእሷ ተፈጸመ። የእኔ ግን እንደ ቀጠለ ነው፤ ሌላም አላገባሁ።»

 ሻያቸው ቀዝቅዞ ስለ ነበር ሌላ አዘዝሁላቸው።

አገራቸው ሲመለሱ የራሳቸውን ነገር ራሳቸው ለጉባኤው ተናገሩ። ተማሪዎቹ «የኔታ፣ እንዴት ሳናውቅ!» ብለው አለቀሱ ሲባል ሰማሁ። አሁን ጠብታውን ጧትና ማታ የሚያደርግላቸው የዘመድ አውራጃቸው፣ ማለትም ከተማሪዎቹ ሁሉ ታላቁ ነው። ለቁጥጥር ባሕር ዳር ባመጣኋቸው ጊዜ ግፊቱ መውረዱን የከተማው ሐኪም ነገረን። ይሁን እንጂ ቀኙም ቢሆን ደቃቅ ጽሑፍ አይለይላቸውም፤ ማታ ማታ ብቻቸውን አይወጡም።

እኔም በየወሩ እሄዳለሁ። ባለፈው ስሄድ ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አውጥተው «እስቲ አንብቢልኝ» አሉኝ። ከልጅነቴ ወዲህ ግእዝ አንብቤ አላውቅም፤ የሚነሣውን ድምፅ እጥላለሁ፣ የሚጠብቀውን ፊደል አላላለሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው በቃላቸው ይከተሉኛል፤ በሳትሁ ቁጥር ጉልበቴን በጣታቸው መታ ያደርጉኛል። ያን ዕለት ብዙ ጊዜ መቱኝ። እስኪመሽ አነበብሁላቸው።