ከሞተሩ የተረፈችው ብረት

ሞተሩን ገጣጥመን፣ የመጨረሻውን ቡሎን አጥብቀን ስናበቃ አንዲት ብረት ተረፈች። የትንሽ ጣት ያህል ትረዝማለች፤ አንዱ ጫፏ ሹል ነው፣ ሌላው እንደ ቀለበት ታጥፏል። ዕቃ ያጠብንበት ሳፋ ውስጥ፣ ከናፍጣው ሥር አገኘኋትና ለታላቅ ወንድሜ አሳየሁት። አገላብጦ አያትና ሳቀ።

«ፋብሪካው የመረቀን ናት» አለ።

እኔ አልሳቅኩም። እንጀራዬ የስፌት ማሽን ጥገና ነው፤ ፒያሳ አንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ስንት ዓመት ከብረት ጋር ስታገል ኖሬያለሁ። ማሽን የሚመርቀው ነገር የለም። የተረፈ ካለ የጎደለ አለ።

ሞተር ሳይክሉ የአባታችን ነበር፤ ጣሊያን ሠራሽ፣ ከእኛ ዕድሜ የሚበልጥ። አባታችን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያመላልስበት ነበር። ማታ ማታ የቸርችልን ዳገት ሲወጣ የሞተሩ ድምፅ ቀድሞት ቤት ይደርሳል። ያን ጊዜ እናታችን ሬዲዮውን ትዘጋለች፣ እኛ አልጋ ሥር እንገባለን። ምን እንዳጠፋን አናውቅም፤ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። የወታደር ቀበቶውን ይፈታና ቆዳውን እጁ ላይ ጠምጥሞ በዘለበቱ በኩል ይመታናል። እኛ ስንሰለቸው ወደ እናታችን ይዞራል፤ ፀጉሯን ጨብጦ ከግድግዳ ጋር ያላጋታል። ጎረቤት ይሰማል፤ ግን በባልና ሚስት መካከል ማን ይገባል?

አንድ ቀን ሞተሩ ጊዮርጊስ አጠገብ ነክሶ፣ አልንቀሳቀስ ብሎ ቀረ። አባታችን ላቡን እያንጠፈጠፈ ገፍቶ አመጣው። እንዳቆመው በቀጥታ የጎረቤታችንን በር በእርግጫ ከፍቶ ገባና «አሸዋ የጨመርክብኝ አንተ ነህ!» ብሎ የሰውየውን የፊት ጥርስ አወለቀ። ምስኪኑ ደሙን እየተፋ በማርያም ሲምል ዛሬም ይታየኛል። ከዚያ ወዲህ ሞተሩን የነካው የለም፤ ጓሯችን ቆርቆሮ ሥር ዝጎ ተቀመጠ።

አባታችን አምና ሞተ። አላለቀስኩም፤ ቢያሙኝም ግድ የለኝም። ወንድሜ ግን ለሙት ዓመቱ ሞተሩን አስነሥቶ በቸርችል ቁልቁል ካልነዳሁ ብሎ ተነሣ። ወንድሜ አባታችንን ያመልካል። «ቀጥቶ ነው ሰው ያደረገኝ» ይላል። ጀርባው ላይ ያለውን ትልቅ ጠባሳ ሲጠይቁት ከዛፍ ወድቄ ነው ይላል። የእኔን ጠባሳዎች ከየት እንዳመጣኋቸው ግን አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም።

ለምን ረዳሁት? ብረት ሲበተን ቆሜ ማየት አልችልም፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ሞተሩን ስንከፍተው የማርሹ ጥርሶች ተሰባብረው አገኘን። እሱ እንደ ልማዱ ቸኩሎ ሁሉንም አንድ ሳፋ ውስጥ ዘረገፈው፤ የትኛው ከየት እንደወጣ ሳንለይ አብረን አጠብነው። ቶርኖ ቤት አዲስ ማርሽ አስቀረፅን። ከዚያ ነው ያቺ ብረት የተረፈችው።

ይዣት ፒያሳን ዞርኩ። አንዱ መካኒክ የመርገጫው ምላስ ናት አለኝ። ሌላው የማርሽ መያዣ ናት ብሎ ማለ። ሌላው ደግሞ «እህቴ፣ ይቺስ የበር ማጠፊያ ትመስላለች» ብሎ ቀለደብኝ። ሁለተኛው ያለኝ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። እውነቱን ከሆነ ቁልቁለቱ ላይ ማርሹ ይነክሳል፣ የኋላው ጎማ ቀጥ ይላል፣ ወንድሜን ከታክሲ ሥር እንለቅመዋለን። የቱንም ያህል ቢያናድደኝ ያለኝ ወንድም እሱ ብቻ ነው።

የሙት ዓመቱ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን የአባታችንን የቆዳ ጃኬት ለብሶ ወደ ጓሮ ወጣ። እኔ ቀድሜ ካንዴላውን ነቅዬ ኪሴ ከትቼዋለሁ። ያለ እሱ ሞተሩ አይነሣም። ብረቷን በእጄ ይዤ በሩ ላይ ቆምኩበት።

«ካንዴላውን አምጪ።»

«ይቺ የምን እንደሆነች ሳላውቅ አልሰጥህም።»

«አምጪ አልኩሽ!»

«ግደለኝና ውሰድ።»

በጥፊ አጮለኝ። ጆሮዬ ጮኸ፣ ጀርባዬ ከቆርቆሮው ተላተመ። ከመሬት ትልቁን የቡሎን መፍቻ ቺያቬ አነሣሁና ክንዱን መታሁት፤ እንደ በሬ አገሣ። ቺያቬውን ነጥቆኝ በሌላው እጁ ፀጉሬን ጨበጠና ፊቴን ከነዳጅ ታንከሩ ጋር አጋጨው። አንዴ። ደገመኝ። አፍንጫዬ ፈነዳና ደሜ በታንከሩ ላይ ወረደ። አውራ ጣቱን አፌ ውስጥ አግኝቼ እስኪደማ ነከስኩት። ይሰድበኝ ነበር። ስድቡ ቃል በቃል የአባታችን ነበር፤ ድምፁም የእሱ ነው። እኔም ጠላሁት፤ የዚያን ሰዓት ከልቤ ጠላሁት።

እናታችን በጩኸቱ ወጣች። ብረቷ ከእጄ አምልጣ እግሯ ሥር ወደቀች። ለእሷ ማሳየት ትዝም ብሎን አያውቅም፤ እሷ ስለ ሞተር ምን ታውቃለች ብለን። ጎንበስ ብላ አነሣቻት፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገቻት፣ ወደ ብርሃኑ አዞረቻት።

«ልቀቃት» አለችው። «የሞተሩ አይደለችም። የአባትህ ቀበቶ ናት፤ የዘለበቱ ምላስ።»

ወንድሜ ፀጉሬን አልለቀቀም። «ምን?»

«አንተ ጀርባ ላይ ነው የተሰበረችው። ከሥጋህ ውስጥ ነቅዬ ያወጣኋት እኔ ነኝ። ዛፍ አልነበረም፣ ልጄ። እሱ ተኝቶ ሲያንኮራፋ ወጣሁና ሞተሩ ዘይት በሚጠጣበት ቀዳዳ ከተትኳት። እሱን ለመግደል አቅም አልነበረኝም። ጎረቤታችን ጥርሱ ሲወልቅም ዝም አልኩ። ብናገር እኔን ነበር የሚቀብሩኝ።»

የወንድሜ እጅ ከፀጉሬ ላላ። እኔ መሬት ተቀመጥኩ። እሱ ፊቱን ወደ እናታችን አዞረና አንድ እርምጃ ወደ እሷ ሄደ። ሊያቅፋት ይሁን ሌላ ነገር ሊጠይቃት አላወቅኩም፤ ቺያቬው በእጁ እንዳለ የረሳው ይመስለኛል።

እናታችን ሁለት እጆቿን አንሥታ ራሷን ሸፈነች። ትከሻዋን ከግድግዳው አስጠግታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ምቱን ጠበቀች።

ቺያቬው ከእጁ ወደቀ።

«እማዬ» አላት፣ «እኔ እኮ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች። እጇን ግን አላወረደችም።