ራዲዮ ነው አልኳቸው

ዓርብ ዕለት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ወጣን። ሰዓቱን የመረጠችው እናቴ ናት። በዚያ ሰዓት የመንደሩ ወንዶች ለጁምዓ መስጊድ ገብተዋል፣ ሴቶቹም ምሳ ላይ ናቸው፤ መንገዱ ላይ ሰው አይኖርም። እህቴን ረውዳን በትልቁ ሻርፕ እስከ ግንባሯ ሸፈነቻትና ለእኔ አንድ ነገር ብቻ አዘዘችኝ፤ "በመንገዱ በኩል አንቺ ሁኚ፣ እሷን ወደ አጥሩ አድርጊያት።" እንዳለችኝ አደረግኩ። ዘጠኝ ዓመት የሞላት ረውዳ የሻርፑን ጫፍ እየነከሰች፣ እንደ ልማዷ እያዜመች ተከተለችኝ።

ረውዳ አትናገርም፣ ታዜማለች። አንዲት ዜማ ናት፤ ከየት እንዳመጣቻት ማናችንም አናውቅም፤ ስትደሰትም ስትፈራም ያቺኑ ናት። ዝም የምትለው እጇን እህል ውስጥ ስትከት ብቻ ነው። የጤና ጣቢያችን ነርስ ኦቲዝም ሊሆን ይችላል፣ አዲስ አበባ ትታይ ብላ የጻፈችውን ወረቀት አባቴ አጥፎ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው፤ ሦስት ዓመት እዚያው ቆየ። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ስመለስ ያወጣሁትና ረውዳን ይዤ የተነሳሁት እኔ ነኝ። እንግዳ ሲመጣ ረውዳ ጓዳ ትገባ ነበር። ይህን የምጽፈው ቤተሰቤን ለማማት አይደለም፤ እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ጓዳ እንዳለ ስለማውቅ ነው።

አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ ስንወርድ ይዘንባል። የእኛ አገር ዝናብ እንሰት ቅጠል ላይ ሲወርድ እንቅልፍ ያመጣል፤ እዚህ ቆርቆሮ ላይ ነው የሚወርደው፣ ሰው ደግሞ ከቆርቆሮው በላይ ይጮሃል። ረውዳ ጆሮዋን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። ተሸካሚዎቹ በላያችን ሊሄዱ ምንም አልቀራቸውም። እኛ ዘንድ ሰላምታ ከከብቱ ጀምሮ እስከ ጎረቤት ይደርሳል፤ እዚህ የመጀመሪያው ሰላምታዬ "ዞር በይ" ነበር።

ቤት እንዲፈልግልኝ ያነጋገርኩት ደላላ ረውዳን አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እህቴ፣ ልምከርሽ። ቤት ስታዪ ብቻሽን እዪ። ይቺን ካዩ በር አይከፍቱልሽም። ከገባሽ በኋላ ማን ያስወጣሻል?"

ክፉ ሰው አልነበረም። ካልሲ የምትሸጥ ምራቱ ዘንድ ረውዳን አስቀምጦልኝ ከእህል በረንዳ ጀርባ ወዳለ አንድ ግቢ ወሰደኝ። የቤቱ ባለቤት እትዬ ራህመት ባላቸው የሞተባቸው፣ በረንዳቸው ላይ በርጩማ ዘርግተው ገቢና ወጪውን የሚቆጣጠሩ ሴት ናቸው።

"ስንት ናችሁ?" አሉኝ።

"አንድ ነኝ።"

"ባል?"

"የለኝም።"

"ልጅ?"

"የለኝም።"

"ዘመድ፣ እንግዳ፣ የአገር ልጅ፣ አንድ ቀን አድሬ ልሂድ የሚል?"

"ማንም አይመጣብኝም።"

"ምስኪን" አሉ፣ ደስ እያላቸው።

ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ ለወረዳው የሚሰጠውን የተከራይ ቅጽ እኔው ሞላሁት። "የነዋሪ ብዛት" የሚለው ላይ ስደርስ አንድ ብዬ ጻፍኩ። የተመረቅኩት በስታቲስቲክስ ነው። አራት ዓመት ሰው መቁጠር ተምሬ የመጀመሪያ ሥራዬ እህቴን ሳልቆጥራት መቅረት ሆነ።

ክፍሌ ለብቻው በጀርባ ወደ ጠባብ መተላለፊያ የሚከፈት በር አለው። ረውዳን ያስገባኋት በዚያ በኩል ነው፣ እትዬ ራህመት መግሪብ ሲሰግዱ። ሰው የሚሰግድበትን ሰዓት ጠብቄ ማስገባቴ ከእናቴ የተማርኩት መሆኑ የገባኝ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

አንድ አስመጪ መጋዘን ውስጥ የሚገባና የሚወጣውን ዕቃ መመዝገብ ጀመርኩ፣ ከጠዋት እስከ ምሳ። እስከዚያ ረውዳን አንድ ሳህን ምስር ሰጥቻት በሩን ቆልፌባት እሄዳለሁ። በመሃል ሁለት ጊዜ ሮጬ መጥቼ አያታለሁ። ይህን ለመጻፍ ብዙ ቀን ወስዶብኛል፤ ከጓዳ ላወጣት መጥቼ ቁልፍ ጨመርኩባት። ምሳ በዳቦና በቲማቲም ነው። ቆጮ መርካቶም ይሸጣል፣ ግን በላስቲክ ታጥፎ ውሎ የደረቀ ነው፤ ረውዳ አሽትታ ትመልስልኛለች። የእናቷን እጅ የምትፈልግ ይመስለኛል፣ ግን እሷ ስለማትናገር ምናልባት የምፈልገው እኔ ነኝ።

በሁለተኛው ሳምንት እትዬ ራህመት በር ላይ አስቆሙኝ።

"ሐያት፣ ያ ራዲዮሽ አንድ ዘፈን ብቻ ነው እንዴ የሚያውቀው?"

"ተበላሽቶ ነው እትዬ" አልኳቸው።

"ታዲያ አሠሪው ወይም ጣይው።"

"እሺ" አልኩ። እሺ ማለት ቀላል ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ፊት የምለው እሱን ብቻ ነው።

እሑድ እሑድ ሱቆቹ ሲዘጉ በጀርባ በር አውጥቻት እህል በረንዳ እወስዳታለሁ። ከጆንያ የፈሰሰ ጤፍና አተር መሬት ላይ ስለሚኖር እሷ ዝም ብላ ትሰበስባለች፣ እኔ ደግሞ ሰው እንዳያይ እከልላታለሁ። አንድ እሑድ ትልቅ ልጃቸውን በእጃቸው የያዙ ሴት አጠገባችን ቆሙ። "ምን ሆና ነው?" ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ "ስንት ዓመቷ ነው?" አሉኝ። አዲስ አበባ ከገባሁ ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እትዬ ትርሲት ይባላሉ።

እሳቸውና እንደ ረውዳ ያለ ልጅ ያላቸው ሌሎች እናቶች በአንድ አዳራሽ ጓሮ ያቋቋሙት የልጆች ማዋያ እንዳለ የነገሩኝ ያን ዕለት ነው። በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ሄጄ አየሁት። እያንዳንዷ እናት በሳምንት አንድ ቀን ተራዋን ትውላለች፣ በሌላው ቀን ልጇን ጥላ ሥራዋን ትሠራለች። ልጆቹ ባቄላ ከአተር ይለያሉ፣ የልብስ ቁልፍ መቆለፍ ይለማመዳሉ፣ የሚፈልጉትን በሥዕል እያሳዩ ይጠይቃሉ። አንዱ ልጅ ይጮሃል፤ ማንም አልደነገጠም። የውጭው በር ክፍት ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ ያላቸው እናቶች ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት እዚያ ነው፣ ቆሜ አፈጠጥኩባቸው።

"አንድ ቦታ አለ" አሉኝ እትዬ ትርሲት። "ከወረዳሽ ልጅቷ ነዋሪ መሆኗን የሚያሳይ ደብዳቤ አምጪ። እስከ ሐሙስ ስድስት ሰዓት እይዝልሻለሁ። ከዚያ ካለፈ ሌላ እናት እየጠበቀች ነው።"

ረቡዕ ከሰዓት ወረዳ ሄድኩ። የተቀበለኝ ባለሙያ በእኔ ዕድሜ ያለ ትሁት ልጅ ነው። ፋይሉን አገላብጦ ፈገግ አለ።

"እዚህ ቤት የሚኖረው አንድ ሰው ነው።"

"ሁለት ነን።"

"በማን ጽሑፍ ነው የተሞላው?"

"በእኔ።"

"ጽሑፍሽ ያምራል" አለ። "ስለዚህ ልጅቷ የለችም።"

"አለች። ላምጣት?"

"ልጅቷ ምን ታደርግልኛለች? ወረቀት አምጪልኝ። የቤቱ ባለቤት ሁለት ናቸው ብለው ይፈርሙ፣ በዚያው ደቂቃ ደብዳቤውን እጽፍልሻለሁ።" የማስተካከያ ቅጹን ሰጠኝ፤ በሩ ድረስም ሸኘኝ።

ስመለስ እትዬ ራህመት በረንዳቸው ላይ ነበሩ። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። ብነግራቸው ቤቱን እናጣለን፣ ባልነግራቸው ቦታውን። ሊመሽ ሲል እናቴ ደወለች። ወደ ቤት ብንመለስ ብዬ ገና ሳልጨርስ ወንድማችን ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን፣ የምትታጨው ልጅ ቤተሰቦች ቤቱን ለማየት እንደሚመጡ ነገረችኝ። እንደ ረውዳ ያለው ነገር በዘር ነው ይላሉ ብላ ስለምትፈራ ለጊዜው እዚያው ሁኑ አለችኝ። ለመንደሩ ሰው የነገረችው ረውዳ ለትምህርት ሄደች ብላ ነው።

"አሁንም ታዜማለች?" አለች። "እስኪ ስልኩን አስጠጊላት።"

አስጠጋሁላት። ረውዳ አዜመች። የእናቴ ትንፋሽ ይሰማኝ ነበር። ከወዲያ በር ተከፈተና የሆነ ሰው "ማን ነው የሚያዜመው?" ሲል ሰማሁ። ስልኩ ተዘጋ።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ረውዳን አጣጥቤ፣ ሻርፑን አልጋው ላይ ትቼ፣ በጀርባ በር ሳይሆን ዞሬ በዋናው በር ይዣት ገባሁ። እትዬ ራህመት ሰፌድ ይዘው ምስር ይለቅማሉ። ረውዳ እጄን ለቀቀችና ሁለት እጇን ሰፌዱ ውስጥ ከተተች። ዜማው ቆመ።

"እትዬ፣ ራዲዮ የለኝም" አልኳቸው። "እህቴ ናት። ረውዳ ትባላለች።"

ረውዳን ብዙ አዩዋት። ሰፌዱን አልነጠቋትም።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከገባሁ ጀምሮ። ሁለት ወር።"

"በሩን ቆልፈሽ ስትሄጂ ይቺ ውስጥ ነበረች?"

"አዎ።"

"መርካቶ እኮ ነው ሐያት። እሳት ቢነሳ እኔ ለሰዉ ምን ልል ነበር? ውስጥ ያለው ራዲዮ ነው ልል?"

ቅጹን አውጥቼ ምን እንደሆነ ነገርኳቸው። "ጻፊው" አሉኝ። ሁለት ብዬ ጻፍኩ። የእስክሪብቶውን ቀለም አውራ ጣታቸው ላይ ቀባሁላቸው፣ እሳቸውም ጫን አድርገው አተሙ። ጣታቸውን በቀሚሳቸው ሲጠርጉ፣

"ወሩ ሲያልቅ ሌላ ቤት ፈልጊ" አሉኝ። "ስለ ልጅቷ አይደለም። ስለዋሸሽኝ ነው።"

እውነታቸውን ይሁን አይሁን እስካሁን አላውቅም። የሚያከራዩዋቸው ሁሉ ልጅ የላቸውም። ግን ረውዳ ስትነሳ አንድ ጭብጥ ምስር ይዛ ስትሄድ አይተው አልከለከሏትም።

ልጅ ይዛችሁ ለመምጣት የምታስቡ ካላችሁ፣ ቅጹ ላይ ልጃችሁን ጻፉ። ቤት ትከለከላላችሁ፣ እኔ አላታልላችሁም። እኔም እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ እውነት የሚሆን ወረቀት በቦርሳዬ ይዤ ወደ ወረዳው ወጣሁ። እህል በረንዳ ጭነት የሚራገፍበት ሰዓት ነበር፤ ተሸካሚዎች፣ ነጋዴዎች፣ ሸማቾች፣ ሁሉም ያየናል። ረውዳ ምስሯን ጨብጣ ዝም ብላ ትራመዳለች። በመንገዱ በኩል ያደረግኳት እሷን ነበር።