የሰማንያኛው ቀን ትኩሳት

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ ደስ ብሎኝ እቀባጥራለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ፣ ከአየሩ የሚወጣውን ሙቀት ሳተላይት ላይ ሆኖ በኢንፍራሬድ፣ በዓይን በማይታየው ብርሃን፣ የሚያነበው መሣሪያ ስንት ሊሳሳት እንደሚችል አሰላለሁ። ሙቀቱን አይደለም፣ ስህተቱን! "የሚለካ ነገር ሁሉ ትንሽ ይዋሻል፤ ጥያቄው በስንት ነው" እያልኩ በየእሁዱ ምሳ ላይ እማዬን አሰልችቻታለሁ። ነገሩ ዞሮ እኔው ላይ እንደሚመጣ መች አሰብኩ።

የእህቴ ልጅ ክርስትና የምትነሳበት ቀን ነበር። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ለእማዬ ደግሞ ሰማንያ ማለት ሰማንያ ነው፣ ሰማንያ አንድ ብሎ ነገር የለም። በማለዳ እህቴ አሌክሳንድሪያ ካለው ቤቷ ኮል አደረገችኝ።

"ነይ በናትሽ! እማዬ ልጅቷ ትኩሳት አላት፣ ከቤት አትወጣም ብላ ድርቅ ብላለች። ቄሱ እየጠበቁን ነው!"

ልታለቅስ ምንም አልቀራትም። ከተማውን የሚዞረውን ትልቁን መንገድ፣ ቤልትዌዩን፣ እንዴት አድርጌ እንደነዳሁት እኔና እግዚአብሔር ነን የምናውቀው።

ስደርስ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሕፃኗን ታቅፋ በሩን ዘግታ ቆማለች። እህቴ ቴርሞሜትሩን የሕፃኗ ብብት ሥር አድርጋ ሁለቴ ለክታታለች፤ ደህና ናት። እኔም ለካኋት፤ ደህና ናት። እንዲያውም ፈገግ አለችልኝ።

"እማዬ፣ ምንም ትኩሳት የላትም እኮ።"

"ማሽኑ ነው እንዲህ ያለሽ?"

"አዎ።"

"የሚለካ ነገር ሁሉ ይዋሻል ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?"

እህቴ በዓይኗ ልትበላኝ ደረሰች። "ትንሽ ነው ያልኩት፣ ትንሽ!" ብዬ ጮህኩ።

"ይሄ እጅ እናንተን አሳድጓል፤ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም" አለች እማዬ።

ተሳስቶ የማያውቅ መለኪያ ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። የኛ መሣሪያ እንኳ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰበት፣ አብሮት የተገጠመውን ሙቀቱ በደንብ የሚታወቅ ጥቁር ገጽ እያየ፣ ባዶውን ጠፈር እያየ ነው ራሱን የሚያርመው። ራሱ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ንባቡ ይዛባላ! ቢሮ ውስጥ ቁጥሩ ግራ ሲያጋባን መጀመሪያ የምንመረምረው ሰማዩን ሳይሆን መሣሪያውን ነው።

"እስቲ እጅሽን ስጪኝ" አልኳት።

ወይ ጉድ! ድርቅ ያለ በረዶ! እንዲህ ለቀዘቀዘ እጅ ደህናው ግንባር ሁሉ ትኩስ ነው።

"ምን ስትሠሪ ነበር?"

"የድግሱን መጠጥ በረዶ ውስጥ ስደረድር ነዋ! እናንተ ተኝታችሁ ማን ይሥራው?"

ሮጬ ባኞ ቤት ገባሁ። ገንዳው በበረዶ፣ በለስላሳና በቢራ አፉ ድረስ ሞልቷል። እኔና እህቴ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፤ እማዬ ብቻ አልሳቀችም። እጇን አሻሸሁላት፣ ትንፋሼን እፍ አልኩበት፣ እስኪሞቅ ጠበቅሁ።

"አሁን መጀመሪያ የኔን ግንባር ንኪ፤ እኔ ደህና ነኝ። ከዚያ የሷን።"

የኔን ነካች። የሷን ነካች። ተመልሳ የኔን ነካች። ከዚያ "ታዲያ ምን ትገተራላችሁ፣ ረፈደ እኮ!" ብላ ከሁላችንም ቀድማ መኪናው ውስጥ ገባች።

እህቴ ትነዳለች፣ እኔና እማዬ ከሕፃኗ ጋር ኋላ ተቀምጠናል። ሳቄ አልቆመም።

"ቆይ፣ ሁለተኛ ክፍል እያለሁ ትኩሳት አለሽ እያልሽ ከትምህርት ቤት ያስቀረሽኝ ቀን ሁሉ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ልብስ ስታጥቢ ቆይተሽ ነበር ማለት ነው?"

የሕፃኗን መጠቅለያ አስተካከለች።

"ያኔስ እጄ ደህና ነበር" አለች። "አባታችሁ የሞተ ዓመት ነው። ቤት ብቻዬን መዋል አቅቶኝ ነው።"

እየሳቅኩ እንባዬ መጣ። እጇን ሳልለቅ ቤተ ክርስቲያኑ በር ደረስን።