ጋሼ ቶለሳ የሙያ ፈቃዳቸውን ሊያሳድሱ ሱሉልታ የሄድን ዕለት

ቅዳሜ ማለዳ፣ ሰበታ

ሰው ስፔሻሊስት ሆኖ ተመርቆ ዲፕሎማውን ግድግዳ ላይ ከሰቀለ በቃ፣ አለቀለት ይመስለዋል። የት ተደርጎ! የሙያ ፈቃዳችን በየጊዜው ይታደሳል፤ ለዚያም ስልጠና ተከታትሎ ነጥብ መሰብሰብ፣ በተግባርም መፈተን አለ። እኔ የሕፃናት ሐኪም ነኝ፤ ነጥቤን እስከ መጨረሻዋ ቀን የምጎትት ሰነፍ። ዘንድሮ በጊዜ የተነሳሁት በጋሼ ቶለሳ ምክንያት ነው።

ዶክተር ቶለሳ የሕፃናት ልብ ሐኪም ናቸው፤ እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከጡረታ ወዲህ ቡራዩ አንድ ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ይሠራሉ። ፈቃዳቸው ሊያበቃ ሲል ደውለው፣ "ከነዚህ ልጆች ጋር ብቻዬን መቀመጥ ያሳፍረኛል፣ አብረን እንሂድ" አሉኝ። በስልኩ ያልኩትን ሁሉ መድገም ነበረብኝ። በኔትወርኩ አሳበብኩ።

ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር የሰፈራችን ኮረኮንች ጭቃ ሆኖ ጠበቀኝ። ዋናው መንገድ ላይ ስወጣ ደግሞ የፋብሪካ ሰርቪሶችና ሲኖትራኮች ተቆላልፈዋል። ዓለም ገናን እስካልፍ ድረስ ያልተራገምኩት ሾፌር የለም።

ቡራዩ

"አካም ቡልቴ?" ብለው እንዴት እንዳደርኩ ጠየቁኝ ጋሼ በር ላይ ቆመው፤ ከረባት አስረዋል። ባለቤታቸው እትዬ ወርቄ ለመንገድ ብላ ጩኮ በዕቃ ቋጠረችልን፤ ገብሱ በቅቤ የራሰ፣ ጣት የሚያስቆረጥም። ከዚያ ወደ መኪናው መስኮት ጠጋ ብላ፣ "ይህ ሰው ክሊኒኩ ከቀረበት ያብድብኛል። አደራሽን፣ እንዲያልፍ አድርገሽ ይዘሽልኝ ነይ" አለችኝ። ጋሼ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ዞር አላሉም።

በአስኮ በዊንጌት አድርገን፣ አዲሱ ገበያን አልፈን ዳገቱን ተያያዝነው። ባሕር ዛፉን ጭጋግ ውጦታል። ከላይ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ስንወርድ የተከመረ ድርቆሽና እርጥብ ሳር የሚግጡ ላሞች ታዩን። አንድ ወተት ቤት ቆመን ትኩስ ወተት ጠጣን። ጋሼ ዋጋውን ሲሰሙ፣ "ላሟን ነው እንዴ የምትሸጡልን?" ብለው ሴትየዋን አሳቋት።

ሱሉልታ

ስልጠናው የሚሰጠው ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። ጠዋት ስለ አዳዲስ መድኃኒቶች ትምህርት ተሰጠ፤ ጋሼ ከፊት ወንበር ተቀምጠው የጠየቁትን ጥያቄ አሠልጣኙም በቀላሉ አልመለሰውም። ደስ አለኝ። ጭንቅላታቸውማ ምን ሆኖ!

ከምሳ በኋላ ተግባሩ መጣ። ጠረጴዛ ላይ የሕፃን አሻንጉሊት ተኝቷል፤ በማሽን የልብ ድምፅ ያሰማል፤ ተፈታኙ አዳምጦ በሽታውን ይናገራል። እኔ ቀድሜ ማዳመጫዬን ደረቱ ላይ ሳደርግ "ሹ... ሹ..." የሚል ድምፅ ጆሮዬን ሞላው። ልቡ ቀዳዳ አለበት። ተናገርኩ፤ አለፍኩ።

ጋሼ ተከተሉ። አዳመጡ። ቦታ ቀየሩ። ዓይናቸውን ጨፍነው እንደገና አዳመጡ።

"ምንም የለም" አሉ። "ማሽኑ ጠፍቷል እንዴ?"

አረንጓዴው መብራት በርቷል። ፈታኙ ናሆም የሚባል ወጣት ስፔሻሊስት ነው፤ እሱም የጋሼ ተማሪ። መብራቱን አየው። እኔም አየሁት። ተያየን።

"አዎ ጋሼ፣ ጠፍቶ ነው። ይሄ ማሽን እንዳስቸገረን ነው" አለ ናሆም፣ የማለፊያ ወረቀታቸው ላይ በፍጥነት እየፈረመ። "ደግሞስ አንቱን ማን ይፈትናል? ሀሁ ያስቆጠሩን አንቱ!"

አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ይሉኝታ ይሏችኋል ይሄ ነው፤ የተማረውንም ያልተማረውንም እኩል ያስራል።

መመለሻ

ቁልቁለቱን ስንጀምር፣ "ዳር ያዢ" አሉኝ። ቆምኩ። ከተማው ከታች ተዘርግቷል።

"ማሽኑ ጠፍቶ ነበር?"

"ጋሼ፣ ናሆም እኮ..."

"ናሆምን አልጠየቅኩም። ጆሮዬ ደክሟል ወይ ብዬ ወርቄን ብጠይቃት ጮክ ብላ ማውራት ጀመረች። ክሊኒክ ብጠይቅ፣ 'ኧረ ደህና ኖት' አሉኝ። ፈተና ላይ እንኳ ሰው አይዋሸኝም ብዬ ነው እዚህ ድረስ የመጣሁት። እባክሽ ልጄ።"

"በርቶ ነበር፤ እኔ ሰምቼዋለሁ" አልኩ።

"ጮክ ያለ ነበር?"

"በጣም፣ ጋሼ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወደ መስኮቱ ዞረው አለቀሱ። እኔም መሪውን ይዤ አለቀስኩ። አባቴን የቀበርኩ ያህል ከፋኝ።

እትዬ ወርቄ በር ላይ ጠበቀችን። "አለፍክ?"

"ወደቅኩ" አሉ፤ የተፈረመው ወረቀት ኪሳቸው ውስጥ እያለ። ቤት ሳይገቡ ስልካቸውን አውጥተው ድምፅ ማጉያውን ከፈቱ። በዚያው ሳምንት "ልቡ ደህና ነው" ብለው የሸኙት ሕፃን ነበር፤ እናቱ ዘንድ ደወሉና ሰኞ እኔ ዘንድ ሰበታ እንድትወስደው ነገሯት።

"ኧረ ዶክተር፣ አንቱ ካዩት ምን ሌላ ሐኪም ያስፈልገዋል!" አለች እናትየዋ።

"ምን አለች?" አሉኝ ጋሼ።

ጆሯቸው ሥር ጮክ ብዬ ደገምኩላቸው።

"ቶለሳ አላየውም በያት።"

ሰበታ

ሲመሻሽ ቤቴ ገባሁ። ከስልጠናው አዳዲስ መድኃኒቶችን ተምሬያለሁ። ከመንገዱ የተማርኩት ግን ያስፈራኛል፦ የሚያከብሩኝ ሰዎች አንድ ቀን እኔንም ሳይፈትኑ ያሳልፉኝ ይሆናል፤ ያኔ እውነቱን ሊነግረኝ የሚደፍር አንድ ሰው ይስጠኝ።

ሰኞ እናትየዋ ሕፃኑን ይዛ መጣች። ደረቱ ላይ ማዳመጫዬን አደረግኩ። ያው "ሹ... ሹ..." የሚለው ድምፅ ነበረ። ሕክምናው ሳይዘገይ እንደሚጀመር ሳስረዳት እንባዋን ጠረገችና፣ "እሳቸው እኮ ናቸው የላኩኝ። ዶክተር ቶለሳን ምንም አያመልጣቸውም" አለችኝ።

"እውነትሽን ነው" አልኳት። ከልቤ ነበር።